ከ«ወራጅ አለ» ጀምሮ፦ ከለመዱት ክልል የመውጫ የስድስት ሳምንት ልምምድ

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሚኒባስ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር፣ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። መውረጃው ደርሷል። ወያላው ግን ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ ነው። ሰውየው ከፊቱ ያለችው ሴት ትጠራልኛለች ብሎ ይጠብቃል። አትጠራም። መውረጃው ያልፋል። «ከዚያም ቢሆን ቅርብ ነው» ብሎ ራሱን ያጽናናና ሌላ ሰው «ወራጅ አለ» ሲል ተከትሎ ይወርዳል፤ ከዚያ ዳገቱን በእግሩ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ይህን ሰው ፈሪ ማለት አይቻልም። ወያላው እንደማይቆጣው ያውቃል። የያዘው ይሉኝታ ነው፦ ድምፄ ቢሰልልስ፣ ሁለቴ ጠርቼ ባልሰማስ፣ ሰው ምን ይለኛል። በየሥልጠናው «ኮምፎርት ዞን» እየተባለ የሚነገርለት ክልል በዚህ ከተማ በአብዛኛው የታጠረው በዚሁ በይሉኝታ ነው። ስለዚህ «ደፍረህ ግባበት» የሚለው ምክር ብዙ አያራምድም። ይሉኝታ በአንድ ቀን ወኔ አይሰበርም፤ በትንሽ በትንሹ ሲነካ፣ ሲደጋገምና የሆነው ነገር ሲመዘገብ ግን ይላላል። ከዚህ በታች ያለው ልምምድ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከመርካቶና ከሜክሲኮ ሳይርቁ የሚሠራ ነው።

ጨዋነትን አይንኩ

ከሁሉ በፊት ይሉኝታን ከጨዋነት መለየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ አንድ ልብስ ለብሰው ስለሚመጡ ይምታታሉ። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህን ባደርግ የሚጎዳ ወይም የሚዋረድ ሰው አለ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ያቆመዎት ጨዋነት ነው፤ ይተዉት። ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ማለት፣ ለቅሶ ቤት ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ የሰውን ጉድለት በሰው ፊት አለማንሳት ልምምድ አይሆኑም። መልሱ «የለም፣ እኔ ብቻ አፍራለሁ» ከሆነ ግን ይሉኝታ ነው፤ ደብተር ላይ ይግባ።

ይህን ሳይለዩ የጀመሩ ሰዎች ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነገር ፈላጊ ሆነው ያርፉታል። አስተናጋጅ ማመናጨቅን እንደ እድገት ይቆጥሩታል።

ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ እሱ እውነተኛ አደጋ ነው። ሰው በሌለበት ጨለማ መንገድ ለብቻ መሄድ፣ ተበድሮ ንግድ መጀመር፣ የሦስት ወር ወጪ ሳይቀመጥ ሥራ መልቀቅ፦ እነዚህ ላይ የሚሰማ ፍርሃት ሥራውን እየሠራ ያለ ፍርሃት ነው፤ አያደንዝዙት።

ሽሽት ለምን ያድጋል

አንድን ነገር ስንሸሽ ወዲያው እፎይ እንላለን። አእምሮ ያችን እፎይታ እንደ ሽልማት ይቆጥራታል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ ይመርጣል። ከዚህ የሚብሰው ግን፣ የፈራነው ነገር እንደማይደርስ በዓይናችን የምናይበትን ዕድል ማጣታችን ነው። መውረጃው ያለፈበት ሰው ጠርቶ ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም አያውቅም።

ጆሴፍ ዎልፔ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ገልብጦ ሠራበት፦ የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ እስከ ከባዱ ደርድሮ ከታች ጀምሮ ማለማመድ። ጭንቀትን ከ0 እስከ 100 በቁጥር የመስጠት ልማድም የመጣው ከእሱ ነው፤ እኛም እንጠቀምበታለን። ከዚያም በፊት፣ በ1908 እ.ኤ.አ.፣ ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እያስተማሩ ሲሞክሩ፣ ትምህርቱ ከባድ በሆነ ጊዜ ቶሎ የተማሩት መካከለኛ ንዝረት የደረሳቸው ነበሩ። በጣም የላላውም በጣም የጠነከረውም ትምህርቱን አጓቷል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ሆኖም ልምምድን መካከለኛ ጭንቀት ላይ ማቆየት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

«ሰው ምን ይለኛል» የሚለውም ተለክቷል። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሰው ወደተቀመጠበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ ሰው ቲሸርቱን እንዳየባቸው ገመቱ፤ ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ነበር። ቀሪው የራሱን ጉዳይ ይዞ ተቀምጧል።

ደብተሩ

አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ስልክ ላይ መጻፍ አይመከርም፤ ምክንያቱን ወደፊት ያዩታል። ጊዜው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው። ወጪው ደርሶ መልስ ታክሲ፣ አልፎ አልፎም አንድ ማኪያቶ ነው።

አንድ ገጽ ላይ ስድስት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀን፤ የማደርገው ነገር፤ ይሆናል ብዬ የምፈራው፤ ከመጀመሬ በፊት ያለው ቁጥር፤ ከፍ ብሎ የደረሰበት ቁጥር፤ በእውነት የሆነው። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ዓምድ ዘሎ ቁጥር ብቻ ይሞላል። ጉዳት ነው፤ ዋናው ዓምድ እሱ ነው። «ያፍሩብኛል» ብለው አይጻፉ፤ የሚታይና የሚቆጠር ነገር ይጻፉ፦ «ቢያንስ ሦስት ሰው ዞሮ ያየኛል»፣ «አስተናጋጇ ፊቷን ታጨማድዳለች»፣ «ነጋዴው ይሰድበኛል»። ማታ ስድስተኛውን ዓምድ ሲሞሉ ስንቱ እንደተፈጸመ ይቆጥሩታል። አእምሮ የሚማረው ግምቱ ሲከሽፍበት ነው፤ ያልጻፉትን ግምት ደግሞ በኋላ «አይ፣ እንዲያውም ያን ያህል አልፈራሁም ነበር» ብሎ ይክደዋል።

መሰላል አሠራር

አንድ ጉዳይ ብቻ ይምረጡ። በሰው ፊት መናገር፣ እምቢ ማለት፣ ለብቻ መሆን፣ አዲስ ሙያ ጀማሪ ሆኖ መታየት፤ ከእነዚህ አንዱን። «ሕይወቴን እለውጣለሁ» መሰላል አይወጣለትም። ከታች ሳምንት በሳምንት የተደረደሩት ከየጉዳዩ የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው።

ወረቀት ቀዳደው በየቁራጩ ላይ ከ12 እስከ 15 የሚሆኑ ድርጊቶችን ይጻፉ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ይስጡት፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩት። 0 ማለት እቤት ጋደም ብሎ ሬዲዮ መስማት ነው፤ 100 ደግሞ ሮጠው የሚያመልጡበት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ዋና ሥራ ከ25 እስከ 35 ያለው ነው። ከዚያ በታች ያለው ለማሟሟቂያ እንጂ ለትምህርት አይሆንም፤ ከ70 በላይ ያለውም ለመጀመሪያ ሳምንት አይሆንም። በሁለት ደረጃ መካከል ከ15 በላይ ልዩነት ካለ መካከሉ ላይ ሌላ ይጨምሩ። ብዙ መሰላል የሚሰበረው እዚህ ነው፦ ከ30 ወደ 65 የሚዘል፣ መካከሉ ባዶ።

ድርጊቱ ቦታ፣ ሰዓትና ንግግር ይኑረው። «ሰዎችን ማናገር» የሚል ወረቀት ይጣል። «ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ የመንገድ መጽሐፍ ሻጩን ስለ ሁለት መጻሕፍት ጠይቄ ሳልገዛ እሄዳለሁ» የሚለው ይቀመጥ። ሰዓቱን ከጠዋቱ 4 እስከ 5፣ ወይም ከቀኑ 8 እስከ 9 ያድርጉት። ማታ 11 ሰዓት ላይ ሰልፍና ግፊያ ስላለ የልምምዱን ጭንቀት ከትራንስፖርቱ ጭንቀት መለየት አይቻልም።

ሰበቡንም አስቀድመው ይዝጉት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ የታሰረ ዕቅድ ከባዶ ምኞት ይልቅ ይፈጸማል። «ዝናብ ከጣለ ጃንጥላ ይዤ እሄዳለሁ።» «መጽሐፍ ሻጩ ከሌለ ጎን ያለውን እጠይቃለሁ።» በክረምት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻውን የሳምንቱን ግማሽ ያተርፋል።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ታክሲው

ታክሲ ለልምምድ ተወዳዳሪ የለውም። ርካሽ ነው፣ በቀን ሁለቴ ይደገማል፣ ጭንቀቱም ከወንበሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። በሩ አጠገብ ሲቀመጡ 10፣ መካከል ላይ 20፣ የኋላው ወንበር ጥግ ላይ 30 ወይም ከዚያ በላይ። ሰኞ በሩ አጠገብ፣ ረቡዕ መካከል፣ ዓርብ ጥግ።

አጠራሩ እንዲህ ነው። ፌርማታው 100 ሜትር ያህል ሲቀር አየር ያስወጡ፤ ትንፋሽ አፍኖ የያዘ ሰው ድምፁ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ወያላው ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ እስኪመልስ ይጠብቁ፤ በመስኮት እየጮኸ ሳለ የተጠራ አይሰማም። ከዚያ «ወራጅ አለ»። ብዙ ሰው «ወራጅ» ይልና «አለ» ላይ ድምፁን ይውጠዋል። ኃይሉን «አለ» ላይ ያድርጉት። ካልተሰማ የፊተኛውን ሰው ትከሻ አይንኩ፣ ሌላ ሰው እንዲጠራልዎትም አይለምኑ፤ ጨመር አድርገው ራስዎ ይድገሙት። ያ ሁለተኛው ጥሪ ነው የሳምንቱ ትምህርት። አንዴ ተጠርቶ የተሰማ ምንም አያስተምርም ማለት ይቻላል፤ ሳይሰማ ቀርቶ የተደገመ ግን «ባልሰማስ» የሚለውን ግምት ከሥሩ ይነቅለዋል።

አንድ የተለመደ ስሕተት፦ ከፌርማታ ውጭ መጥራት። ሾፌሩ ትራፊክ ፖሊስ እንዳይቀጣው ሳይቆም ያልፋል፤ ተለማማጁ ደግሞ «ናቁኝ» ብሎ ይመዘግባል። የተሳሳተው ቦታው ነው።

ሁለተኛው ሳምንት፦ ማኪያቶና መርካቶ

ካፌ ገብተው «ጠቆር ያለ ማኪያቶ» ይዘዙ። ነጥቶ ከመጣ «ይቅርታ፣ ጠቆር ያለ ነበር ያዘዝኩት፤ ቢቀየርልኝ» ይበሉ፤ እዚህ ላይ ያቁሙ። ዝምታውን በማብራሪያ አይሙሉት። ልክ ሆኖ ከመጣ አይመልሱት፤ አንዳንድ ቤት የተመለሰው ከአስተናጋጇ ሊታሰብ ይችላልና የጨዋነቱን ጥያቄ አያልፍም። በምትኩ ተጨማሪ ውኃ ይጠይቁ ወይም ወንበር ይቀይሩ። አንድ ነገር መጠየቁ ነው ልምምዱ።

መርካቶ ላይ ደግሞ ሦስት ሱቅ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት። ቁጥሩ ለብዙ ሰው ከ35 እስከ 45 ነው። ሦስት ደንብ ይጠበቅ። አንደኛ፣ ሱቁ ገና እንደተከፈተ አይግቡ፤ የመጀመሪያው ደንበኛ ባዶ እጁን መውጣቱን የማይወዱ ነጋዴዎች ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ ከላይ መደርደሪያ ዕቃ አያስወርዱ፣ የታጠፈ አያስዘርጉ። ሦስተኛው ዋናው ነው፦ ዋጋ አይጥሩ። «ስንት ነው?»፣ «የመጨረሻው?» ብቻ። ዋጋ ከጠሩና «ውሰድ» ከተባሉ መግዛት ግድ ነው፤ ያን ጊዜ ቢወጡ ነጋዴው ቢቆጣ ያምርበታል። ሲጨርሱ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዞር ዞር ልበል» ብለው ይውጡ። «ገንዘብ አልያዝኩም» የሚል ውሸት ልምምዱን ያፈርሰዋል፤ ያመለጡት በውሸቱ እንጂ በራስዎ እግር አልሆነም።

ሦስተኛው ሳምንት፦ ለብቻ መብላት

ከሌሎቹ ይልቅ ይህ ልምምድ እዚህ አገር የተለየ ክብደት አለው። ገበታ የጋራ ነው፤ ብቻውን የሚበላ ሰው የተጣላ ወይም ያዘነ ይመስላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ብቻውን ሲሆን ምሳውን ዘሎ ሳምቡሳ ይዞ የሚሄደው።

ረቡዕ ወይም ዓርብ ይምረጡ፤ በጾም ቀን በያይነት ለአንድ ሰው ማዘዝ የተለመደ ስለሆነ ትእዛዙ ራሱ አያስጨንቅም። ግድግዳ ዓይተው አይቀመጡ፤ መካከል ያለ ጠረጴዛ ይያዙ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ደብተር የተባለው ለዚህ ነው፦ ስልክ ካወጡ ጭንቀቱ ያርፋል፣ ያረፈው ግን በስልኩ ነው። ጊዜው 25 ደቂቃ፣ በየአምስት ደቂቃው ቁጥር።

የቁጥሩ መንገድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመስላል፦ ሲገቡ 45፣ ምግቡ እስኪመጣ 60፣ መጀመሪያ ሲጎርሱ 60፣ ከዚያ 40፣ በመጨረሻ 25። ጫፉ ምግብ ከመምጣቱ በፊት ያለው ባዶ ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ላይ ተነስቶ መሄድ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው፤ አእምሮ የሚይዘው «60 ላይ ስደርስ ያዳነኝ በሩ ነው» የሚለውን ይሆናል። ቁጥሩ እስኪወርድ ይቆዩ፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይወርዳል። ባይወርድም ቆይተው መጨረስዎ ራሱ ይቆጠራል፤ ግምቱ ከሽፏልና።

ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ቤቱ ስለሚሞላ ሌላ ሰው መጥቶ «ሰው አለው?» ሊል ይችላል። «የለውም፣ ይቀመጡ» ይበሉ፤ ምግብዎ ቀድሞ ከመጣም «እንብላ»። ይህ ያልታሰበ ጉርሻ ነው፤ ደብተሩ ላይ ለብቻው ይመዝገብ።

አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት፦ ማይክና ስብሰባ

ለሕዝብ ክፍት የሆነ ውይይት ይፈልጉ። መሀል ከተማው ለዚህ አልደኸየም፦ አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት፣ ፒያሳ ያለው አሊያንስ። መርሐ ግብራቸው ስለሚቀያየር አስቀድመው ያረጋግጡ። የመጀመሪያ ጊዜ ሄደው ዝም ብለው ይቀመጡ (35)፤ በሁለተኛው ከውይይቱ በኋላ ተናጋሪውን አንድ ነገር ይጠይቁ (50)፤ በሦስተኛው ማይኩን ይያዙ (65)።

ማይክ የሚይዙ ቀን ሦስተኛው ረድፍ፣ መተላለፊያው ዳር ይቀመጡ። ጥያቄውን ከ25 ቃል ሳያስበልጡ ይጻፉት። እጅዎን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጠያቂዎች ጋር ያውጡ፤ ቁጥሩን ወደ 80 የሚያወጣው መናገሩ ሳይሆን ተራ መጠበቁ ነው። ማይኩን ከአፍ አራት ጣት ያህል ያርቁት፤ ዝቅ አድርገው ደረት ላይ ከያዙት ድምፅዎ ይጠፋና «አይሰማም!» የሚል ከኋላ ይመጣል። «ብዙ ተብሏል፣ እኔም ለመጨመር ያህል» የሚለውን መግቢያ ይተዉት፤ የሕይወት ታሪክዎንም። አንድ ጥያቄ ጠይቀው ይቀመጡ።

ልብዎ ሲመታ «ተረጋጋ፣ ተረጋጋ» ማለት ብዙም አይረዳም። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ብለው ለራሳቸው የተናገሩ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። ሰውነት ጉጉትንም ጭንቀትንም የሚያስተናግደው በፈጣን የልብ ምት ስለሆነ ስሙን መቀየር ምቱን ከማውረድ ይቀላል።

የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ደንቡ አጭር ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገርና አንድ ምክንያት ይናገሩ። ጊዜው ከረዘመ ሐሳቡ ሲቀባ ሲጠረብ ይውላል፣ ሌላ ሰው ይናገረዋል። «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ብለው አይጀምሩ። የአነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ሥራው ግን መደበቂያ ነው።

ስድስተኛው ሳምንት፦ «በሞቴ»

እንግድነት ሄደው ጠግበው ሳለ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» ሲባሉ አለመጉረስ፣ ለብዙ ሰው ከማይኩ ይበልጣል። ከ75 በታች የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ የተቀመጠው።

አሠራሩ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር መርጦ ሦስት ጊዜ ያንኑ መድገም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ።» በፈገግታ፣ እጅን ደረት ላይ አድርጎ። ሰበብ አይጨምሩ። «ቀጠሮ አለኝ» ካሉ «አምስት ደቂቃ አይፈጅም» ይባላሉ፤ «ሆዴን አሞኛል» ካሉ ዳማከሴ ይቀርባል። ሰበብ ሁሉ መልስ ያለው ነው፤ «ጠግቤያለሁ» ግን የለውም። የመጀመሪያው እምቢታ እንደ ወግ እንጂ እንደ መልስ አይቆጠርምና ተስፋ አይቁረጡ። የሚሰማው ሦስተኛው ነው።

የጨዋነት ጥያቄው እዚህ በጥብቅ ይሠራል። ቡና ላይ አቦልና ቶናን ጠጥተው በረካ ሳይጠጡ መሄድ ባለቤቷን ቅር የሚያሰኝ ከሆነ ይጠጡት፤ ሌላ ቀን ሌላ ቤት ይለማመዱ። ደግሞም እናትዎ ላይ አይጀምሩ። ወዳጅ ቤት፣ እኩያ ዘንድ ይጀምሩ። ብድር ሲጠየቁ «አሁን አልችልም» ማለትም በዚሁ መንገድ ነው፦ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ሰበብ፣ ሦስት ጊዜ።

የሚያበላሹት ነገሮች

ዋናው ድጋፍ ነው። ጆሮ ላይ የተሰካ ኢርፎን፣ አብሮ የሄደ ጓደኛ፣ ጥቁር መነጽር፣ ቁልፍ መነካካት። መጀመሪያ ሳምንት አንድ ድጋፍ ይፈቀዳል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ይውደቅ። መጠጥና ጫት ግን ከመጀመሪያው ቀን አይገቡም፤ ከሁለት ድራፍት በኋላ የተገኘ ድፍረት የሚቆጠረው ለድራፍቱ ነው።

ቀጥሎ መራራቅ። በወር አንዴ የሚደረግ ትልቅ ነገር በሳምንት ሦስቴ የሚደረግ ትንሽ ነገርን አያህልም፤ መካከሉ ሲረዝም ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ዝም ብሎ መድገምም ይጠልፋል፦ ያው ካፌ፣ ያቺው አስተናጋጅ። ያኔ አእምሮ የሚለምደው አስተናጋጇን ነው። አንዱን ድርጊት ቢያንስ በሦስት ሰፈር ይሥሩት፦ ፒያሳ፣ ሜክሲኮ፣ ስታዲየም።

ለሁሉም ሰው ማውራትም ያዳክማል። ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ እሱም የሚጠይቅዎ «ደፈርክ?» ብሎ ሳይሆን «ደብተሩ ምን ይላል?» ብሎ ይሁን።

ከስሕተት የማይቆጠረው መጥፎ ቀን ነው። ቁጥሩ ድንገት ከ40 ወደ 70 ቢወጣ እንቅልፍና ምግብ ይጠይቁ፤ ያልተኛና ያልበላ ሰው ሁሉም ነገር ይከብደዋል። የዕለቱን ደረጃ በሁለት ዝቅ አድርገው ሠርተው ይግቡ። ሙሉ በሙሉ መዝለል የሽሽቱን እፎይታ መልሶ ያመጣዋል።

ይህ መንገድ የማይበቃበትም ጊዜ አለ። ድንገት የሚመጣና የሚደጋገም ትንፋሽ የሚያሳጥር ድንጋጤ፣ ሥራ ወይም ትምህርት ቤት መሄድ እስከማስቀረት የደረሰ ፍርሃት፣ የመሞት ሐሳብ ካለ ደብተሩ ይቀመጥና ሐኪም ይታይ። በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሌላ ሆስፒታል ይልካል። የደረት ሕመም ከሆነ መጀመሪያ ልብ ይመርመር። የ«አማኑኤል» ስም በከተማው አፍ ስድብ መደረጉ ብዙ ሰው ከሕክምና አርቋል፤ ያም ይሉኝታ ነው።

ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ

ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ያንብቡ፤ ሦስተኛውን ዓምድ ከስድስተኛው ጋር እያስተያዩ የተፈጸሙትን ግምቶች ያክብቡ። ክብ የበዛበት ድርጊት ካለ ደረጃው በጣም ከፍ ብሏል፣ አለዚያም ቦታው ወይም ሰዓቱ አልተመቸም፤ አስተካክለው ይድገሙት። አንድም ክብ የሌለበት ድርጊት ከሚቀጥሉት ገጾች ይሰረዝ፤ ከዚህ በኋላ ጊዜ ማባከን ነው።

ከዚያ ሌላ ጉዳይ መርጠው አዲስ መሰላል ይሥሩ፤ የቀድሞው በሁለት ሳምንት አንዴ ይነካካ። ክረምቱን አቋርጠው መስከረም ላይ የሚመለሱ ከሆነ ካቆሙበት አይጀምሩ፤ ሁለት ደረጃ ወርደው ይግቡ። ሁለት ወር ያልተጠራ «ወራጅ አለ» የኋላው ወንበር ላይ እንደገና 25 ሆኖ ይገኛል፤ በሁለተኛው ቀን ግን 10 ላይ ይወርዳል።